ሳቁስ ይሁን፤ ዋጋውን የት ደበቃችሁት?

«ቲቸር፣ ኮሜዲ ፊልም ለምን ይጠላሉ?» የምትሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ በዝታችኋል። ኧረ እኔ አልጠላም! ሳቅ የሚጠላ ወሎዬ አይታችሁ ታውቃላችሁ እንዴ?

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሁለት ሦስት ጓደኛሞች፣ ኪሳቸው ባዶ፣ አከራይዋ በር ላይ ቆማለች። ታዋቂና ሀብታም መሆን ይፈልጋሉ። ይዋሻሉ፣ ልብስ ይዋሳሉ፣ የሀብታም ልጅ ያጠምዳሉ። መጨረሻ ላይ መኪና ሲነዱ እናያለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ «የወንዶች ጉዳይ» ከወጣ ወዲህ አስቂኝ ፊልም የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ሲሞላ፣ ሃያሲዎች ደግሞ «እንቶ ፈንቶ፣ ሁሉም አንድ ነው» እያሉ ሲያብጠለጥሉት ኖረዋል።

በዚህ አልስማማም። ድሃ ልጅ ሀብት መመኘቱ እንቶ ፈንቶ አይደለም፤ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ከየት ይመጣል? የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፊልሙ ምኞቱን ያሳየንና ዋጋውን ይደብቀናል።

ቻርሊ ቻፕሊን በ1925 እ.ኤ.አ. «ዘ ጎልድ ረሽ» ላይ ወርቅ ፍለጋ የሄደ ምስኪን ሆኖ ተውኗል። እሱም መጨረሻ ላይ ሀብታም ይሆናል። ግን መጀመሪያ ረሃብ ሲጠናበት የገዛ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ሰው እየሳቀ ረሃቡን ያያል።

የእኛዎቹ ላይ ደላላው ሳይቀር ቀልደኛ ነው። ምላሱ አያርፍም፣ እኛም እንስቃለን። ሐብሩ ላይ ደላላ ማን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ልጆቹን በአፋር በረሃ አሻግሮ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ይልካል፤ መንገድ ላይ ሲያዙ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ይከፍላል። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ጓደኛሞች ተያይዘው ሄደው፣ አንዱ ብቻ የደወለበትን ክፍል አስተምሬያለሁ። ይሄም እኮ ሀብት ፍለጋ የወጡ ጓደኛሞች ታሪክ ነው! ማን ቀረጸው?

«ልፋት ፊልም ላይ ያሰለቻል» የሚል ደራሲ ካለ ሲሪንቃ ይምጣ። ግብርና ምርምር ማዕከላችን አንድ የማሽላ ዝርያ ለገበሬው እስኪያደርስ ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ይጠይቅ። ዝናብ የቀረበት፣ ማሳውን አቀንጭራ የወረረበት ገበሬ ከባለሙያው ጋር ሲከራከር አጠገባቸው ይቀመጥ። የሚሰማው ቀልድ ለሦስት ፊልም ይበቃዋል፤ ውሸት መፍጠርም አያስፈልገውም።

ፊልም ሠሪዎች፣ አስቁን። ግን ጫማው ሲቀቀልም አሳዩን። እናንተም ልጆቼ፣ ፊልሙን እዩት፣ ሳቁ። ደላላ ደውሎ ሲያስቃችሁ ግን ስልኩን ዝጉበት።

የማይስማማ ካለ ከታች ይጻፍ፤ እንከራከራለን።