ሱቅ በደረቴ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የሠራውን ድረ ገጽ አሳየኝ። የአማርኛ ጽሑፍ ሲለጠፍበት የፊደል ግድፈቱን ነቅሶ ያወጣል፤ «ሠራተኛ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈን ሰው ሳይቀር ያርማል። ግሩም ሥራ ነው። ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩበትና ረሳሁት። የሌላው ሰው ነገር እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ሁሉም አንዴ ያዩታል፣ ያመሰግኑኛል፣ አይመለሱም» አለኝ።

ጥፋቱ የኮዱ አይደለም። እኔ የምጽፈው ኢሜይል ውስጥ ነው። ድረ ገጹ ግን ሥራዬን አቋርጬ፣ ጽሑፌን ቀድቼ፣ እሱ ዘንድ ለጥፌ፣ አሳርሜ እንድመለስ ይፈልጋል። ለአንዲት «ሠ» ይህን ሁሉ የሚለፋ የለም።

መርካቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ደንበኛው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ሱቅ በደረቴው ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለህ ማስቲካና ሶፍቱን ይዞ ፊትህ ይቆማል። የብሮውዘር ኤክስቴንሽን ማለት እሱ ነው። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ አንዴ ይጫናል፤ ከዚያ ወዲያ በምትከፍተው ገጽ ሁሉ አብሮህ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2009 በዩክሬናውያን የተመሠረተው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረሚያ ግራመርሊም መጀመሪያ እንደ እህቴ ልጅ ሥራ ጽሑፍ የሚለጠፍበት ገጽ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ያወቀው ሰው በሚጽፍበት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ስህተቱን በቀይ ማስመር ሲጀምር ነው። ሃኒ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ የቅናሽ ኮድ ይፈልግ ነበር። የቅናሽ ኮድ የሚዘረዝር ድረ ገጽ ሞልቷል፤ ዳሩ ግን ሰው ካርዱን አውጥቶ ሊከፍል ሲል ትዝ የሚለው የለም። ሃኒ ልክ እዚያች ደቂቃ ላይ ብቅ ይል ነበር። ፔይፓል በ2019 ሊገዛው ሲስማማ ዋጋው 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ሱቅ በደረቴ ግን ደንብ አስከባሪ አለበት። ክሮም ላይ ደንቡ የጉግል ነው። ለመመዝገብ የሚከፈለው 5 ዶላር ብቻ፣ ያውም አንዴ ነው፤ መንገዱ ግን የሰው ነው። ጉግል የኤክስቴንሽን ደንቡን ሲለውጥ፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጠቃሚ የነበረው ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለ ማስታወቂያ ማገጃ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ክሮም ላይ ቀስ በቀስ እንዳይሠራ ተደረገ። ባለቤቱ ምንም ያጠፋው ነገር አልነበረም።

ከዚህ የባሰው የእምነት ጉዳይ ነው። በየገጹ የሚገባ ኤክስቴንሽን ስትጭን «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃህን ያነባል፣ ይለውጣል» የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል። አብዛኞቻችን ሳናነበው እሺ እንላለን። ግሬት ሰስፔንደር የተባለውን ኤክስቴንሽን ሠሪው በ2020 ለማይታወቅ ገዥ ሸጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ አገደው። ከጫነው ሰው አብዛኛው ስለ ሽያጩ አላወቀም ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ሱቅ ያው ነው፤ ተሸካሚው ግን ተቀይሯል።

ማረሚያውን ወደ ኤክስቴንሽን ስለ መቀየር ስናወራ የእህቴን ልጅ በብርቱ የሞገትኩት ግን በስልክ ጉዳይ ነው። ክሮም አንድሮይድ ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በስልኩ ነው፤ የሚጽፈውም ቴሌግራም ላይ ነው። ስልክ ላይ ከሰው ጋር በየመተግበሪያው የሚዞረው የፊደል ገበታው፣ ማለትም ኪቦርዱ ነው። ግራመርሊም ለስልክ የሠራው ኪቦርድ ነበር። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑ ለማን ነው? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው በአማርኛ ለሚጽፉ፦ ለጋዜጠኛው፣ ለጠበቃው፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛው፣ ዋሽንግተን ሆኖ ለአገር ቤት ደብዳቤ ለሚጽፈው። ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ስህተት የሚያስከፍላቸው ግን እነሱ ናቸው፣ ለማረሚያ ገንዘብ የሚያወጡትም እነሱው ይመስሉኛል።

እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኤክስቴንሽኑን ለእነዚህ ሠርቼ በእሱ እጀምራለሁ፤ ኪቦርዱ ይከተላል። ድረ ገጹንም አልዘጋውም። ሱቅ በደረቴም ዕቃውን የሚያሳድርበት ቤት ያስፈልገዋል።