የጎንደር ብራና እና የካርዳኖ ሰንሰለት

ትምህርት ሚኒስቴር በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተሳሳተ ብሎክቼን መረጠ የሚል ፍርድ በቴክኖሎጂ ወጣቶች ዘንድ ሥር ሰዷል። ካርዳኖን ከሚገነባው ኩባንያ ከአይኦኤችኬ ጋር በተደረሰው ስምምነት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ውጤትና መታወቂያ ካርዳኖ ላይ ሊሰፍር ታቅዶ ነበር። ካርዳኖ ግን ስማርት ኮንትራት፣ ማለትም በሰንሰለቱ ላይ በራሱ የሚፈጸም ፕሮግራም፣ ማስኬድ የጀመረው ከወራት በኋላ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ነው። ታዲያ «ኢቴሬም ቢሆን ኖሮ»፣ «ሶላና ቢሆን ኖሮ» የሚለው ቁጭት እስከ ዛሬ አልበረደም።

ቁጭቱ ቦታውን ስቷል።

ልዩነታቸው አይካድም። ኢቴሬም ላይ ቶከን የሚያወጣ ሰው ኢአርሲ-20 የተባለውን መለኪያ ተከትሎ የራሱን ኮንትራት ይዘረጋል። ካርዳኖ ላይ ቶከኑን የሚይዘው መዝገቡ ራሱ ስለሆነ ለዝውውሩ ኮንትራት አያሻም። ሶላና ርካሽና ፈጣን ቢሆንም በጥር 2016 ዓ.ም. ለ5 ሰዓት ያህል ቆሟል። ይህ ሁሉ ለቶከን ነጋዴ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ማስረጃ ግን ወሳኙ ሌላ ነው።

ጎንደር ይህን ቀድማ ታውቀዋለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በከተማዋ መሬት ሲሸጥ ውሉ የሚሰፍረው በአድባራት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ በወቄት ወርቅ የተቆረጠው ዋጋ፣ ዋሱ፣ ከዚያም ምስክሮቹ አንድ በአንድ በስማቸው። ቅዱስ መጽሐፍ ፍቆ የሌላውን መሬት የእኔ ነው ለማለት የሚደፍር ብዙ አልነበረም። ሆኖም ብራናው ወሰኑን አያውቅም፤ ሻጩ ባለመብት መሆኑንም አይመረምርም። ያንን የሚያውቁት በስማቸው የቆሙት ጎረቤቶች ነበሩ። ምስክሩ ቢዋሽ፣ ብራናው የሚጠብቀው ውሸቱን ነው።

ዛሬ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ጎንደር የሚወርድ ምሩቅ የሬጅስትራር መስኮት ፊት ሲቆም የሚገጥመው ይኸው ነው። «መኰንን» በ8ኛ ክፍል ካርዱ በእንግሊዝኛ ፊደል መሀሉ ላይ በሁለት ኤን፣ በ12ኛው በአንድ ኤን ተጽፏል። ሰንሰለቱ የትኛውን ይያዝ? የሰጡትን ይይዛል፤ ካርዳኖም ሆነ ኢቴሬም።

ስሕተቱ በአዲስ መዝገብ ይታረማል የሚሉ አሉ። አዎ፣ ይታረማል፤ አራሚው ግን ያው የመስኮቱ ሠራተኛ ነው። ፍጥነቱንም ቢሆን፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የሶላና ጥድፊያ ለደባርቅ ተማሪ ምን ይፈይድለት ነበር?

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ውጤቱ አንድ ይሆን ነበር። ሥራው መጀመር የነበረበት ከየትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ነው፦ በእጅ የተሞላው ሮስተር ወጥቶ፣ ስም ከስም ጋር ተመሳክሮ፣ ያመሳከረው ሰው ፈርሞበት።