ሜዳ ላጣው ደጋፊ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ እና ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መጋቢት 2017 ዓ.ም.



ህዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በሜዳው በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው። ጨዋታው የተደረገው ግን ኪንሻሳ ውስጥ፣ በሰማዕታት ስታዲየም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ዋልያዎቹ እዚያው ሣር ላይ ተመልሰው ገቡ፤ በዚህኛው ቀን ባለሜዳዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ እንግዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ቅዳሜ ባለሜዳ ሆኖ የተሸነፈ ቡድን ማክሰኞ እንግዳ ሆኖ አሸነፈ፤ ያውም የምድቡን መሪ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት።

ይህ የአንድ ሳምንት አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አያስጽፍም ነበር። የአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ ሙሉ ውጤት ግን ያንኑ ይናገራል። ጳጉሜ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኮንጎን «በሜዳዋ» ያስተናገደችው ዳሬሰላም ላይ ሲሆን 2 ለ 0 ተረታች። ከአምስት ቀን በፊት እዚያው ከተማ እንግዳ ሆና ከታንዛኒያ ጋር ያለ ግብ ተለያይታ ነበር። ጥቅምት ላይ ሁለቱም የጊኒ ጨዋታዎች አይቮሪኮስት ውስጥ ተካሄዱ፤ በእንግድነት 4 ለ 1፣ በባለሜዳነት 3 ለ 0 ሽንፈት። ሦስቱ «የሜዳ» ጨዋታዎች ሲደመሩ የገባ ግብ የለም፣ የተቆጠረበት 7፣ የተገኘው ነጥብ ዜሮ። ቡድኑ በማጣሪያው የሰበሰባቸው 4 ነጥቦች በሙሉ በእንግድነት የመጡ ናቸው። ምድቡንም በመጨረሻ ደረጃ ጨረሰ።

የሜዳ ጨዋታዎቹ ቡድኑ እንግዳ ሆኖ በተጓዘበት ከተማ መካሄዳቸው ምናልባት የጉዞ ወጪን ይቀንስ ይሆናል። ስሌቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ በውጭ ምንዛሪ ለሚከራይ ሜዳና ለሚቆረጥ የአውሮፕላን ትኬት የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ሆኖም በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ወገን ፈጽሞ አልተቆጠረም። እሱም ደጋፊው ነው።

ደጋፊው በእነዚያ ቀናት የት ነበር? አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተፋፍጎ ተቀምጧል። ቡድኑ «ባለሜዳ» ተብሎ ስሙ በስክሪኑ ግራ በኩል ቀድሞ ሲጻፍ ያያል፤ ካሜራው ወደ መቀመጫዎቹ ሲዞር ግን የራሱን ሰው አያይም። ግብ ሲቆጠርበት የሚጮኸው ለግድግዳ ነው። ስታዲየም ገብቶ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ንዴቱን የሚያሰማበት ቦታ አለው። ተጫዋቹ ይሰማዋል፣ አሰልጣኙ ይሰማዋል፣ በክብር መቀመጫ ላይ ያለው የፌዴሬሽን ኃላፊም ይሰማዋል። ያ ጩኸት የእግር ኳስ አስተዳደር ሊያመልጠው የማይችለው ብቸኛው ግምገማ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ተኩል፣ ቡድኑ በአገሩ ሜዳ መጫወት ካቆመ ወዲህ፣ ይህ ግምገማ ቀርቷል።

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ያወቀ ሰው ምን እንደቀረ ያውቃል። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፤ እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ሰው፣ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ተረብ ነበረው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ሜዳ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሌላውን መለሱ፤ ሉቺያኖ ያገባት ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የተነሣን ቡድን እግሩ ብቻ አላነሣውም፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብም አንሥቶታል።

ያ ታሪክ የአያቶች ነው ለሚል፣ የቅርቡም አለ። ለ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማለፊያ ዋልያዎቹ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ተመለሱ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቃቸው። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ከእረፍት መልስ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ፤ በደርሶ መልስ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ግቦች ብልጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አለፈች። ያ የመልስ ጨዋታ ኪንሻሳ ወይም አቢጃን ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? መልሱን ያለፈው ማጣሪያ ሰጥቶናል።

ደጋፊው ምንጊዜም ጨዋ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ሲወጣ ከኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች መካከል ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ተወረወረ፣ ጨዋታውም ለደቂቃዎች ተቋረጠ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፌዴሬሽኑን በገንዘብ ቀጣ። ጥፋት ነበር። በዚያው ጨዋታ ግን ከጆሃንስበርግና ከሌሎች ከተሞች ሱቁን ዘግቶ የመጣው ስደተኛ አሥር ሰው የቀረውን ቡድን እስከ መጨረሻው ደግፎ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርግ አይቷል። ፍቅሩም ንዴቱም ከአንድ ምንጭ የሚፈልቅ ነው፤ ሥርዓት የሚይዘው ደግሞ በአግባቡ በተዘጋጀ፣ መግቢያና መውጫው በታወቀ ስታዲየም ውስጥ እንጂ ሜዳ በመከልከል አይደለም።

ሜዳ ብቻውን ያሸንፋል የሚል የለም። ጥቅምት 2006 ላይ ለዓለም ዋንጫ አንድ እርምጃ ሲቀር ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጥታ 2 ለ 1 አሸንፋ ሄዳለች። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 ረታለች። በተቃራኒው ሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ፣ ከአገር ርቆ፣ ይኸው ቡድን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፏል። ስለዚህ የተጫዋች ምልመላ፣ የአሰልጣኝ መረጋጋት፣ የዝግጅት ጊዜ የራሳቸው ጥያቄ ናቸው፤ ሜዳ ተገኘ ብሎ እነሱን መርሳት አይቻልም። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ በህዳር 2012 አይቮሪኮስት 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ማዳጋስካር 4 ለ 0 የተሸነፉት በዚያው ትውልድ ተጫዋቾች ነው፤ ኢትዮጵያ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈችውም በእነዚያ የሜዳ ነጥቦች ላይ ቆማ ነው።

ከደቡብ አፍሪካው ጨዋታ በኋላ ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይመጥንም አለ። በህዳር 2014 ጋናን የማስተናገዱ ጨዋታ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደ። ከዚያ ሊሎንግዌ፣ ሞሮኮ፣ ዳሬሰላም፣ አቢጃን፣ ኪንሻሳ፤ በዚህ ወር ደግሞ እንደገና ሞሮኮ። መጋቢት 12 ቀን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ካዛብላንካ ላይ ግብፅ 2 ለ 0 አሸነፈች። ከቀናት በኋላ ጅቡቲ 6 ለ 1 ተሸነፈች። ስድስት ግብ! ይህን የሚያክል ደስታ የጠማው ሕዝብ ስድስቱንም በስልክና በቴሌቪዥን አየ።

ካፍ የሚጠይቀው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች ቁጥር ያለው ወንበር፣ በቂ ብርሃን የሚሰጥ ፓውዛ፣ ውሃ የማያቁር ደረጃውን የጠበቀ ሣር፣ ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች የሚመጥን መልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የአበረታች ዕፅ ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ በአደጋ ጊዜ ሕዝብ በፍጥነት የሚወጣባቸው በሮች። ኢትዮጵያ በዚህ ብቻዋን አይደለችም፤ ጊኒም፣ ሴራሊዮንም፣ ጅቡቲም ጨዋታቸውን ሰው አገር ሲያደርጉ ቆይተዋል። ግን ከእነዚህ መካከል ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ድርጅቱንም በይድነቃቸው ተሰማ እጅ ለ15 ዓመት የመራች፣ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ በአዲስ አበባ ያስተናገደች ሌላ የለችም።

ስታዲየም አልተጀመረም ማለትም አይቻልም። ተጀምሯል፣ ያውም ብዙ። በየክልሉ ከተማ በአስር ሺህዎች የሚይዙ ግንባታዎች ቆመዋል፤ አንዱ ጣሪያ፣ ሌላው ወንበር፣ ሦስተኛው ፓውዛ ይጎድለዋል። ቦሌ አካባቢ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው አደይ አበባ ስታዲየም እስካሁን አንድ ጨዋታ አላስተናገደም። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ተጀምሮ አንድም ሳይጨረስ መቅረቱ። ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ግን ሁሉም ነገሩ የተሟላ አንድ ሜዳ፣ ስድሳ ሺህ ይይዛል ከተባለ ጅምር እጅግ ይበልጣል።

የክለብ ደጋፊውም ዕጣ ከዚህ ብዙ አይለይም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር እየተካሄደ ነው። ለቴሌቪዥን ስርጭት አመቺ ነው፣ ለጸጥታም ረድቷል። የዚያኑ ያህል ግን አንድ ደጋፊ ዙሩ ከተማው ካልደረሰ በስተቀር ክለቡን በዓይኑ አያይም። ክለቡ ወደ መውረድ ሲንደረደር ተው ብሎ የሚቆጣው፣ አይዞህ የሚለው ሕዝብ አጠገቡ የለም። በክለብም በብሔራዊ ቡድንም ሜዳ ያጣ ትውልድ እየመጣ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ዋልያዎቹን አገሩ ላይ ሲጫወቱ ያየበት ትዝታ የለውም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ ደጋፊው የሚጠይቀው ነገር ረጅም አይደለም። የካፍ መርማሪዎች በየስታዲየሙ ያገኙት ጉድለት በዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ። የቱ ተሟልቷል፣ የቱ ቀርቷል፣ ማን በስንት ወር ይጨርሰዋል፣ ገንዘቡስ ከየት ነው? ላለፉት ዓመታት ለሜዳ ኪራይና ለጉዞ የወጣው ወጪም አብሮ ይቅረብ፤ ያ ገንዘብ ስንት ወንበር፣ ስንት ፓውዛ እንደሚገዛ ሕዝቡ ራሱ ያስላው። እድሳቱ «በቅርቡ ያልቃል» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይበቃም፤ ቀን ያለው መልስ ያስፈልጋል።

ፌዴሬሽኑ እውነቱን መናገር እንደማይጎዳው ከራሱ ታሪክ ያውቃል። ሰኔ 2005 ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በሁለት ቢጫ ካርድ ሊያርፍ የሚገባው ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ሦስት ነጥብ ሲቀነስ፣ የዚያን ጊዜው አመራር ጥፋቱን በአደባባይ አምኗል። ሕዝቡ ተቆጣ፣ አዘነም፤ ግን ምን እንደተፈጠረ አወቀ። ከቡድኑም ጎን አልራቀም። ዋልያዎቹ ቀሪውን ጨዋታ አሸንፈው ናይጄሪያን የገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቅምት 2017፣ ጊኒ አቢጃን ላይ 3 ለ 0 ካሸነፈችን ከሳምንት በኋላ፣ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ የማስተናገድ ፍላጎቷን አስታውቃለች። ደጋፊው ይህን ከልቡ ይደግፋል፤ ከማንም በላይ የሚመኘው እሱ ነው። አህጉሩን ለማስተናገድ ቃል የገባ አገር ግን አስቀድሞ የራሱን ቡድን በራሱ ሜዳ ማስተናገድ አለበት።

በዚህ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ የቀራት የሜዳ ጨዋታ አንድ ብቻ ነው፤ ተጋጣሚዋ ጊኒ ቢሳው፣ ጊዜው መስከረም 2018 መጨረሻ። እስከዚያ ስድስት ወር አለ። ደጋፊው የሚጠብቀው ያ ጨዋታ አገር ውስጥ እንዲደረግ ነው፤ ካልሆነም ለምን እንዳልሆነ፣ መቼ እንደሚሆን ጨዋታው ሳይደርስ በይፋ ንገሩት።