ሕፃኑን ወደ ፊት ለማዞር ለምን እንቸኩላለን?

የዶክትሬት ትምህርቴን ስዊድን አገር ጨርሼ በተመለስኩ ሰሞን፣ እናቴ ከእኛ ጋር በመኪና ስትሳፈር የልጅ ልጇ አቀማመጥ አላማራትም። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ ከኋላው ወንበር ላይ በታሰረው የሕፃናት መቀመጫ ውስጥ ጀርባዋን ለሾፌሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ መኪናው የኋላ መስተዋት አዙራ ተቀምጣለች። "ምን አጥፍታ ነው እንዲህ ፊቷን አዙረህ ያሰርካት?" አለችኝ እናቴ።

ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። በእኛ አገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቆም ልጅ የተቀጣ ልጅ ነው። ፊት ማዞርም የቅያሜ እንጂ የፍቅር ምልክት አይደለም። "እማዬ፣ ይህ ቅጣት ሳይሆን ጥበቃ ነው" ብላትም አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀደም ብሎ እኔ ራሴ በዚሁ ጉዳይ ተሳስቼ ነበር።

ልጄ አንደኛ ዓመት ልደቷን ባከበረች ሳምንት መቀመጫዋን ወደ ፊት ላዞረው ተዘጋጅቼ ነበር። ለክትባት በሄድንበት ጤና ጣቢያ ይህንኑ ለነርሷ በኩራት ነገርኳት። እሷ ግን አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ለምን ትቸኩላለህ?" መልስ አልነበረኝም። በየሳምንቱ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የኒውተንን ሕጎች የማስረዳ ሰው፣ ሕጎቹን ከጥቁር ሰሌዳው ወደ መኪናዬ የኋላ ወንበር አላሻገርኳቸውም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንባቢዎቼ ይህንኑ ስሕተት እንዳይደግሙት ነው። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ተማሪዎች ብትሆኑም ነገ ወላጆች ትሆናላችሁ፤ ዛሬም ቢሆን በየቤታችሁ ታናሽ ወንድምና እኅት፣ የአክስትና የአጎት ልጅ አለ።

እስቲ በቀላል ስሌት እንጀምር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 10 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ሕንፃ ላይ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። መኪናው ከፊት ለፊቱ ካለ ነገር ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ፍጥነቱ የሚቀንስበት መጠን በአማካይ የመሬትን ስበት 14 ጊዜ ያህል ይሆናል። ከአማካዩ የሚበልጥ ቅጽበትም አለ። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 140 ኪሎ የሚመዝን ያህል ይሆናል። አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረውን እህል፣ ያውም ሳይታሰብ ሲወረወር፣ በክንዶቿ አቅፋ የምታስቀር እናት የለችም። ይህ የፍቅር ሳይሆን የጡንቻ ወሰን ነው።

ስለዚህ ሕፃኑ መታሰር አለበት። ጥያቄው ፊቱን ወዴት አዙሮ ይታሰር የሚለው ነው። ወደ ፊት የሚያይ ሕፃን ግጭት ሲደርስ ማሰሪያው ትከሻውንና ወገቡን ይይዝለታል። ጭንቅላቱን ግን የሚይዝለት የለም። በኒውተን የመጀመሪያ ሕግ መሠረት ጭንቅላቱ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፤ የሚያስቆመው አንገቱ ብቻ ነው። የአንድ ዓመት ሕፃን ጭንቅላት ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል። ለ10 ኪሎ ሕፃን ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ከላይ በጠቀስነው ግጭት ያ ትንሽ አንገት 35 ኪሎ ያህል ሸክም በአንድ ጊዜ ይጎትተዋል ማለት ነው።

የሕፃን አንገት ደግሞ የአዋቂ አንገት አነስተኛ ቅጂ አይደለም። አብዛኞቹ የአንገቱ አከርካሪ አጥንቶች ሲወለድ እያንዳንዳቸው በሦስት ቁርጥራጭ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዛቸው ጆሯችንን ቀጥ አድርጎ እንደሚያቆመው ያለ ለስላሳ አካል ነው። በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀስ በቀስ እየተጋጠሙ አንድ አጥንት ይሆናሉ። እስከዚያው አከርካሪው በኃይል ሲሳብ ሳይሰበር ሊለጠጥ ይችላል፤ በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር ግን ያን ያህል አይለጠጥም። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ያንኑ ሕፃን አዙረን እናስቀምጠው። ከፊት የሚመጣ ግጭት ሲደርስ ሰውነቱ የሚገፋው ወደ መቀመጫው መደገፊያ ነው። ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት ይቆማሉ። ኃይሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን በሁለት ጠባብ ማሰሪያዎችና በአንድ ደካማ አንገት ላይ ከማረፍ ይልቅ በሰፊው የጀርባ ገጽ ላይ ተከፋፍሏል። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት መሆኑን በትምህርት ቤት የተማርነው ለዚህ ለዚህ ነው።

ሐሳቡን በመቀመጫ መልክ ያዘጋጀው በርቲል አልድማን የተባለ፣ በኋላም በጎተንበርግ ከተማ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ ስዊድናዊ ሐኪም ነው። መነሻ የሆኑት የአሜሪካ የጠፈር ተጓዦች እንደነበሩ ይነገራል። ተጓዦቹ ሮኬቱ ሲነሣ የሚመጣውን ብርቱ ግፊት የሚቀበሉት ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ በመቀመጫው ላይ አሳርፈው ነው። አልድማን ያንኑ መርሕ ለሕፃናት አዋለው፤ የመጀመሪያው ናሙናም እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልቮ መኪና ውስጥ ተፈተሸ። ዛሬ በስዊድን የሚሰጠው ምክር ልጆች 4 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ወደ ኋላ እያዩ እንዲጓዙ ነው።

ሌላው ዓለም ግን ይህን ቀስ ብሎ ነው የተከተለው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው መመሪያ ሕፃኑ ቢያንስ 1 ዓመት ሞልቶት 9 ኪሎ እስኪመዝን ድረስ እንዳይዞር የሚያሳስብ ነበር። "ቢያንስ" የምትለዋ ቃል ግን ከወላጆች ጆሮ ሳትደርስ ቀረች። ዝቅተኛው ወሰን እንደ መድረሻ ተቆጠረ፤ አንደኛው ልደትም ሻማ የሚጠፋበትና መቀመጫ የሚዞርበት በዓል ሆነ። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ2011 ወሰኑን ወደ 2 ዓመት ከፍ አደረገው፤ በ2018 ደግሞ የዕድሜ ገደቡን ከነጭራሹ አንሥቶ፣ ልጁ መቀመጫው የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ እስኪደርስ ድረስ ወደ ኋላ እያየ ይቆይ አለ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት 129ኛ ደንብ ቢያንስ 15 ወር ይላል። ይህም "ቢያንስ" እንጂ "ልክ በዚህ ቀን" አይደለም።

ለእውነት ስንል የተቃራኒውን ወገን መከራከሪያም መስማት አለብን። ወደ ኋላ ማየት ከአንድ ዓመት በላይ ለሆኑ ሕፃናትም እጅግ የላቀ ጥበቃ እንደሚሰጥ በአሜሪካ የአደጋ መረጃ ያሳየና በሰፊው የተጠቀሰ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ ነበር። በኋላ ግን በስሌቱ ላይ ስሕተት ስለተገኘበት ተሰረዘ። በ2018 በወጣው ድጋሚ ትንተና ደግሞ ጉዳት የደረሰባቸው ሕፃናት ቁጥር እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ በሁለቱ አቀማመጦች መካከል በስታቲስቲክስ የሚረጋገጥ ልዩነት አልተገኘም። "እንግዲያው ልዩነት የለም ማለት ነው" የሚሉ አሉ።

በእኔ አስተያየት ይህ ድምዳሜ የተሳሳተ ነው። ልዩነትን ለመለካት የሚበቃ ቁጥር ማጣትና ልዩነት አለመኖሩን ማረጋገጥ አንድ አይደሉም። ቁጥሩ ያነሰው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን በሚገባ የታሰረ ሕፃን በብርቱ የሚጎዳው ከስንት አንድ ጊዜ በመሆኑ ነው፤ ይህ ደስ ሊያሰኘን የሚገባ ዜና ነው። የአንገቱ አጥንት ያልተጋጠመ መሆኑን፣ የጭንቅላቱን ክብደትና የኒውተንን ሕግ ግን ያ ትንተና አልሻራቸውም። ሳይንስ የራሱን ስሕተት ማረሙ ሊያኮራን ይገባል፤ ከእርማቱ የማይገኝ ትርጉም መስጠት ግን ሌላ ስሕተት ነው።

"እግሩ ይታጠፋል፣ አይመቸውም" የሚለው ስጋትም ይሰማል። ሕፃናት እግራቸውን አጣጥፈው ወይም መደገፊያው ላይ ሰቅለው መቀመጥ አይከብዳቸውም። ደግሞም ክፉ ቢመጣ እንኳ የተሰበረ እግር ይጠገናል፤ የተበጠሰ ኅብለ ሰረሰር ግን አይጠገንም።

እንግዲህ የምመክረው ጥያቄውን እንድንገለብጠው ነው። "መቼ ላዞረው እችላለሁ?" ከማለት ይልቅ "ለማዞር የሚያስገድደኝ ምን ምክንያት አለ?" ብለን እንጠይቅ። ልደት ምክንያት አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ መዞሩም አይደለም። ምክንያት የሚሆነው መቀመጫው ላይ የተጻፈው ጣሪያ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ መቀመጫዎች ወደ ኋላ እያዩ 18 ኪሎ ድረስ፣ በስዊድን የተለመዱት አንዳንዶቹም 25 ኪሎ ድረስ ይፈቅዳሉ። ልጁ ክብደቱ ወይም ቁመቱ ከተጻፈው ካለፈ ይዙር፤ ካላለፈ ይቆይ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አይረሳ፦ ወደ ኋላ የሚያይ መቀመጫ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው በቀጥታ ሕፃኑ ያለበትን መቀመጫ ነውና።

"ይህ ሁሉ ለስዊድንና ለአሜሪካ ነው" የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዘወትር የምናየው በጋቢና እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው። መቀመጫው ውድ ነው፣ በየሱቁም አይገኝም፤ ታክሲ የምትሳፈር እናትማ ከየት ታመጣዋለች? እውነት ነው። የፊዚክስ ሕግ ግን የኪስን አቅም አይቶ አይፈርድም። መቀመጫ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ቢያንስ ሕፃኑን ከጋቢና ወደ ኋላ ወንበር ሊያሳልፈው ይችላል። አንዱን ቀበቶ ለራስና ለሕፃኑ አንድ ላይ ማሰርም መቅረት አለበት፤ በዚያች ቅጽበት 60 ኪሎ የምትመዝን እናት ከ8 ኩንታል በላይ ሆና ልጇን ከቀበቶው ጋር ታጣብቀዋለችና። መኪና ለመግዛት የበቃ ሰው ደግሞ ከጌጣጌጡ በፊት የልጁን መቀመጫ ያስብ። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ "ምን እንላክላችሁ?" ሲሉ መልሱ አንዳንዴ ይህ ቢሆን ምን ይከፋል?

እናቴ ከዓመት በኋላ ሐሳቧን ለውጣለች። ያሳመናት የኒውተን ሕግ አልነበረም። አንድ ቀን ሾፌሬ በድንገት ፍሬን ሲይዝ የእኛ ሁላችን ጭንቅላት ወደ ፊት ሲወረወር፣ የልጅቷ ብቻ ከመደገፊያዋ ሳይነቃነቅ ቀረ። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና "ለካ ፊቷን ያዞርከው ከመንገዱ ክፋት ነው" አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ በክፍል ውስጥ ሰጥቼ አላውቅም።