በዓይን ላይ የሚያድግ ሥጋ፦ ቀዶ ሕክምናው በብዛት ብቻ ሳይሆን በውጤትም ሊመዘን ይገባል

በዘመቻ የሚሰጥ የዓይን ሕክምና ሪፖርት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የታከሙት ሰዎች ቁጥር ነው። በዓይን ላይ ለሚያድገውና በሕክምናው ቋንቋ ቴሪጅየም ለሚባለው ሥጋ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን በቂ አይደለም። ዛሬ የተወገደው ሥጋ በወራት ውስጥ ተመልሶ ሊያድግ ይችላልና።

ቴሪጅየም የዓይንን ነጭ ክፍል ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ተነሥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል፣ ወደ ዓይን ብሌን የሚዘልቅ ካንሰር ያልሆነ እድገት ነው። ብዙዎች ከዓይን ሞራ ጋር ቢያምታቱትም ሞራ የሚፈጠረው በዓይን ውስጥ ባለው ሌንስ ላይ ነው። ሥጋው የብሌኑን መሐል እስኪሸፍን ከተተወ ወይም የብሌኑን ቅርጽ ካዛባ እይታን ይቀንሳል።

ዋነኛ መንሥኤው ለረጅም ጊዜ ለፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር መጋለጥ ሲሆን፣ አቧራና ነፋስም እንደሚያባብሱት ይታመናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ መጠን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን የምትገኘው አረካ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። እንሰት፣ በቆሎና ስኳር ድንች የሚያለማው የአካባቢዋ አርሶ አደርም ውሎው ከፀሐይ በታች ነው።

ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚከናወንና ታካሚው በዕለቱ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው። ልዩነቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ሥጋውን ቆርጦ ቦታውን ክፍት መተው ፈጣን ቢሆንም ሥጋው ተመልሶ የማደግ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ተመልሶ የሚያድገው ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ጠባሳ ስለሚኖረው ለማከም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ኬንያንና ባልደረቦቻቸው በስፋት ያስተዋወቁት ዘዴ ከታካሚው ዓይን ጤናማ ሽፋን ወስዶ ባዶውን ቦታ መሸፈን ነው። ይህ ንቅለ ተከላ የመመለስ ዕድሉን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይሁንና ተጨማሪ ጊዜ፣ ረቂቅ ክር፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በዘመቻ ወቅት በቁጥር ላይ የሚደረግ ግፊት ፈጣኑን መንገድ እንዲመረጥ ሊያደርግ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳይ ምርመራ ነው። ቴሪጅየም የሚመስል እድገት አንዳንድ ጊዜ የዓይን ገጽ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ ካንሰር ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከጨረርና ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ስለሆነም አጠራጣሪ ሆኖ የተወገደ ሥጋ መጣል ሳይሆን ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ አለበት።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የዓይነ ሥውርነትን ስርጭት 1 ነጥብ 6 በመቶ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ከምክንያቶቹም ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። በትራኮማ ምክንያት ለሚመጣው የዓይን ፀጉር መቀልበስ ደግሞ ባለሙያዎች ሠልጥነው ቀዶ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ ተደርጓል። የቴሪጅየም ንቅለ ተከላ ግን የዚህ ሥልጠና አካል ባለመሆኑ ታካሚውን ከጤና ጣቢያ ወደ ዓይን ሐኪም የሚያደርስ የሪፈር ሰንሰለት ያስፈልገዋል።

ስለሆነም ከወረዳ እስከ ዞን ያሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ከሦስት ነጥቦች መጀመር ይችላሉ። አንደኛ፣ ከታከሙት ሰዎች ቁጥር ጎን ለጎን የተጠቀሙበትን የቀዶ ሕክምና ዘዴና በስድስተኛው ወር ሥጋው የተመለሰባቸውን ታካሚዎች መዝግቦ ማቅረብ ነው። ሁለተኛ፣ የዘመቻ ቡድን ከመመለሱ በፊት የዓይን ጠብታውንና ክትትሉን የሚረከብ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው መመደብ ነው። ሦስተኛ፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣንና ከጨረር የሚከላከል መነጽርን መጠቀም በጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት ውስጥ ማካተት ነው። ታካሚው ለሁለተኛ ጊዜ ከቀዶ ሕክምና አልጋ እንዳይመለስ የሚያደርገው ይኸው ሥራ ነው።