አቼቶ ባለበት በረኪና አይግባ

መርካቶ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት «ማንቆርቆሪያዬን በሳሙና ባሸው ባሸው ነጩ አልለቅ አለኝ» አሉኝ። ውሃው ሲተን የሚተወው የካልሲየም ቅርፊት ነው፤ ሳሙና አያነሳውም፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ግን ያሟሟዋል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው፣ ጨርቅ ነክረው ለ15 ደቂቃ ያልብሱት። ከዚያ አሽተው፣ አለቅልቀው፣ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት።

በረኪና ግን እንዳይጨምሩበት! ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

በረኪናውን ከምናለሽ ተራ በገዙት ባዶ ሃይላንድም አያስቀምጡ። በነርስነት ዘመኔ ከአያቱ ጓዳ ውሃ መስሎት የጠጣ ሕፃን ተቀብያለሁ። ልጁ ዳነ፤ የአያትየው ልቅሶ ግን ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ቢያጋጥም አያስመልሱት፤ አፉን አጥበው፣ ዕቃውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።