«ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» እያልን ልጆቻችንን በልብ በሽታ አንጣ!



«የልብ በሽታ የከተማ ሰው፣ የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያልሰማ የለም። ውሸት ነው! በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚያጠቃው የልብ በሽታ ስብም ሀብትም አይፈልግም። ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል፤ የሚነሳውም ከጉሮሮ ነው።

እንዴት? ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያሳምማል፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን። ብዙ ልጆች በአንድ ጠባብ ክፍል በሚተኙበት ቤት በቀላሉ ይተላለፋል። በአግባቡ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተመልሶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ሕመሙ ሲደጋገም የልብ በሮች (ቫልቮች) ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጅቷ ደግሞ አግብታ ስታረግዝ ልቧ ይደክማል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ትኩሳቱን «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እናሸታለን። ለጉሮሮው እንጥል እናስቆርጣለን። ጉልበቱ ሲያብጥ «ብርድ ነው»፣ እጁ ከቁጥጥር ውጭ ሲወራጭ «ልክፍት ነው» እንላለን። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ይጨምራል እንጂ!

ደፍሬ ልናገር። ልጁ ከደከመ በኋላ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ስናሰባስብ እጃችን ለጋስ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ግን ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ትልቅ ሥራ ቢሠራም ወረፋው ረጅም ነው። በወቅቱ ቢሰጥ በሽታውን ይከላከል የነበረው ፔኒሲሊን ግን ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ርካሽ መድኃኒት ነው። ሀብታም አገሮች ይህን በሽታ ሊያጠፉት የተቃረቡት በተሻለ ኑሮና በዚሁ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 አገራት እንዲከላከሉት ወስኗል። ለቀዶ ሕክምና የምናዋጣውን ያህል «ፔኒሲሊን ለምን ከጤና ጣቢያችን ይጠፋል?» ብለን ለምን አንጠይቅም?

የሙያ ባልደረቦቼም አትቀየሙኝ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን «ይገድላል» ብለን በሽተኛን ከበር የምንመልስ አለን። ከባድ አለርጂ አለ፣ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ አለርጂ ካለ መጠየቅ፣ አድሬናሊን ማዘጋጀት፣ ከመርፌው በኋላ በሽተኛውን ማቆየት ይቻላል። ልቡ ክፉኛ ለደከመ ሰው ደግሞ በሐኪም ውሳኔ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ፍርሃት ሕክምና አይደለም!

«ታዲያ ጉሮሮውን ያመመው ሁሉ ይወጋ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የቫይረስ ነው፤ ሳልና ንፍጥ ካለበት ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። የሚለየው ግን የጤና ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ስለዚህ፦

✅ ልጃችሁ ትኩሳት ኖሮት፣ መዋጥ አቅቶት፣ አንገቱ ሥር ንፍፊት ካበጠ፣ ያለ ሳልና ንፍጥም ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ የልቡን በሽታ መከላከል ይቻላል።

✅ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር እብጠትና ሕመም ካለው ልቡ ይመርመር።

✅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ መርፌ የታዘዘላችሁ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡ። የሚወሰደው ለዓመታት ነው። ጠበሉንም ጠጡ፣ መርፌውንም ውሰዱ። እርግዝናም መርፌውን አያስቋርጥም።

✅ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ከሰጋችሁ ቀኑ ሳያልፍ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሕክምና ካርዳችሁን ያዙ።

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡት ለእናንተ ብቻ አታስቀሩት። ስልክ ለሌላት የገጠር እናት፣ ገበያ ስትመጣ፣ በቃል ንገሯት። ሼር አድርጉት!

ጤና ይብዛላችሁ!